ይህን ካርድ አንቀበልም

እናቴ ከለበሰቻቸው ልብሶች ሁሉ አብልጣ የምትወደው አንድ ግራጫ ሹራብ ነበራት። ወፍራም የባሕር ማዶ ሹራብ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጫጭ ኮከብ የሚመስል ነገር አለበት፣ ቁልፎቹ የብረት ናቸው። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ያሉ ጎረቤቶቻችን "ቁልፉ ብር ነው እንዴ?" እያሉ ይነካኩት ነበር። እሷም ደስ እያላት "የልጄ ደንበኛ የሰጠቻት ነው" ትላቸዋለች። ይህ ወሬ ሲነሳ እኔ የምሠራው አላጣም። ወይ ውሃ ልቀዳ እወጣለሁ፣ ወይ ከሰል ላቀጣጥል እጎነበሳለሁ። ስለዚያ ሹራብ እስከ ዛሬ ለቤተሰቤ በወጉ ተናግሬ አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምሠራው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ውስጥ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬን ተተኩሼ ከባንኮኒው ጀርባ ስቀመጥ አገሪቱን የማስተዳድር ይመስለኝ ነበር። ደንብ የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። የውጭ አገር ዜጋ ትኬት የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ብቻ መሆኑን፣ በብር ሊከፍል ከመጣ ምን እንደሚባል፣ የትኛው ቅጽ በስንት ኮፒ እንደሚሞላ፣ ሁሉን በቃሌ ነበር የማውቀው።

ያኔ ለእኛ ካርድ ማለት የቀበሌ ካርድ ነው፣ ስኳርና ዘይት የሚወሰድበት። የፈረንጆቹ የገንዘብ መክፈያ ካርድ ግን የላስቲክ ሆኖ ቁጥሩ ጎላ ጎላ ብሎ የወጣ ነው። አንዲት የብረት ማሽን ላይ እናስተኛውና ካርቦን ያለው ወረቀት ደርበን እጀታውን አንዴ ገፋ፣ አንዴ መለስ ስናደርገው ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይታተማል። ማሽኗን "ካውያ" ነበር የምንላት። ካውያዋ የምትተኩሰው አንድ ዓይነት ካርድ ብቻ ነበር፣ ሰማያዊውን። ሌላ ቀለም ያለው ሲመጣ "ይህን ካርድ አንቀበልም" እላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ማለት ደስ ይለኝ ነበር። እኛ ለዳቦ ተሰልፈን ስንቆም በመኪና የሚያልፉን ሰዎች ለአንድ አፍታ እንኳ እጃቸው ላይ ያለው ነገር አልሠራ ሲላቸው ማየት ያስደስተኝ ነበር። ክፉ ነበርኩ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ደግ አልነበርኩም።

ሲስተር ብለን የምንጠራት ደንበኛዬ የያዘችው ካርድ ቡኒ ነበር። የኖርዌይ ሰው ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች ታስተምራለች፣ ከእሪ በከንቱ ሰፈር ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ የጣሊያን ፎቅ ላይ አራት ዓመት ኖራለች። አማርኛ የለመደችው ከበሽተኛ ስለሆነ ሰላምታዋ ሁሉ የሆስፒታል ነው። ባንኮኒው ጋ ስትደርስ "እንዴት አደርሽ፣ ዛሬስ ተሻለሽ?" ትለኛለች። "እርስዎ" ብላት ተቆጥታ "አንቺ በይኝ፣ አላረጀሁም" ስላለችኝ አንቺ ነበር የምላት። ስለ ካርዷ ራሷ ትቀልድ ነበር። "አገሬ ዓሣም መድኃኒትም ይገዛል፤ እዚህ ግን መጽሐፍ ያቆምኩበትን ገጽ ማመልከቻ ነው" ትላለች። ሆቴሉም፣ ወርቅ ቤቱም፣ እኛም አንቀበልላትም። ለዕረፍት ወደ አገሯ ስትሄድ ከወር በፊት በባንክ ገንዘብ አስልካ ትጠብቅና ትኬቷን ትገዛ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ ቴሌግራም እያሳየችኝ ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈች።

"እናቴ ታማለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል" አለችኝ። "የዛሬው አውሮፕላን ቦታ አለው?"

ወደ አውሮፓ የሚበረው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፣ ማክሰኞና አርብ። ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ቦታ ነበረው። "አለ" ስላት ትንፋሿን ለቀቀችና ቡኒውን ካርድ አወጣች።

"ሲስተር፣ ይህን ካርድ እንደማንቀበል ታውቂያለሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ምናልባት ተለውጦ እንደሆነ ብዬ ነው። እባክሽ፣ አንድ ሰው ጠይቂልኝ።"

ይህች "አንድ ሰው ጠይቂልኝ" ያለችው ነገር ነካችኝ። እኔ ተቀምጬ ሌላ ማን ይጠየቃል? "ምን የሚጠየቅ አለ?" አልኳት። "እዚህ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ ፊርማ ነው የሚያልፈው። ቢለወጥ ከእኔ በፊት የሚያውቅ የለም።"

ኃላፊያችን ከጀርባዬ ባለው ክፍል ውስጥ ነበሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። በኋላ፣ ቢሮው ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ከወንበሬ እስከዚያ በር በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ስምንት እርምጃ ነው።

ካርዷን መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ያሳየሁትን ደግነት ግን ብታዩ፣ እኔን የመሰለ ሰው የለም ትሉ ነበር። ኮቴን ደርቤ ባንክ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ቅጹን ሞላሁላት፣ ለአገሯ ባንክ ቴሌክስ እንዲላክ የማውቀውን ሠራተኛ ለመንኩላት። ረቡዕ አብረን ሄደን ጠየቅን፤ አልመጣም። የባንኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጇን በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ ስትጠብቅ ቦምቦሊኖ ገዝቼ አመጣሁላት። ግማሹን በላች፣ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?" አለችኝ። ገንዘቡ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰ፣ የአርቡንም ቦታ ያዝኩላት።

አርብ ጠዋት ትኬቷን ልትወስድ ስትመጣ ሌላ ቴሌግራም ይዛ ነበር። እናቷ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አርፋለች። "ለቀብር እደርሳለሁ" አለችኝ። ባንኮኒውን ዞሬ ወጥቼ አቀፍኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ያ ልቅሶዬ ከልቤ ነበር። በሰላም ያለቀስኩትም የመጨረሻው እሱ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ አንድ ነጭ ሽማግሌ መጣና ልክ እንደ እሷ ያለ ቡኒ ካርድ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "ይህን ካርድ..." ብዬ ስጀምር ኃላፊያችን ከጀርባዬ መጡና ካርዱን አንስተው በገዛ እጃቸው ካውያዋ ላይ አስተኙት። ገፋ፣ መለስ አደረጉት። ሽማግሌው ፈርሞ አመስግኖ ሄደ።

"እንቀበላለን እንዴ?" አልኳቸው።

"ሰርኩላሩ ከመጣ ሦስት ሳምንት አለፈው እኮ። ፈርመሽበታል።"

ፋይሉን አውጥቼ አየሁ። ቡኒው ካርድ ከእንግዲህ እንደ ሰማያዊው እንዲስተናገድ ይላል። ከሥሩ "አንብቤ ተረድቻለሁ" ከሚለው ቀጥሎ ያለው የእኔ ፊርማ ነው፣ ያ የምኮራበት፣ ጭራው የተጠማዘዘው ፊርማዬ። ቀኑን ሳየው ትዝ አለኝ። የውይይት ክበብ የነበረበት ሰኞ ነው። በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ ተሰብስበን ፖለቲካ የሚነበነብልን ስብሰባ ነበር፤ የቀረ ሰው ስለሚጻፍበት ሁሉም ለመገኘቱ ይፈርማል። ያን ቀን የመገኘቱ ወረቀትና ሰርኩላሩ ተደራርበው በአንድ ሰሌዳ ላይ ዞሩ። እኔ ደግሞ ኋላ ወንበር ይዤ ለማንጎላጀት እቸኩል ስለነበር ሁለቱንም ሳላይ ፈርሜ ወደ ቀጣዩ ሰው አሳለፍኩ።

ኃላፊያችን ከመሳቢያቸው የካርዱ ምልክት ያለበትን ተለጣፊ አወጡና "ይሄንንም መለጠፍ ረስቼው" እያሉ የመግቢያውን መስታወት በመሐረባቸው ወልውለው ለጠፉት። ከዚያ ዞረው "በዚህ መካከል የመለስሽው ሰው አለ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

"የለም" አልኩ።

በዚያ ዘመን የውጭ ምንዛሪ እንዳይገባ ያደረገ ሰው ተሳሳተ አይባልም፣ አሻጥር ሠራ ነው የሚባለው። አሻጥር የተባለበት ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሁሉን ታውቃለች የምባለው ሰው የፈረምኩትን እንኳ እንዳላነበብኩ እንዲታወቅብኝ አልፈለግሁም። ከፍርሃቴ ይልቅ ይህቺ ታሳፍረኛለች።

ሲስተር ከወር በኋላ ተመለሰች። ስትመጣ በመስታወቱ አየኋት። ከመግባቷ በፊት ቆም ብላ ተለጣፊውን ተመለከተች፣ በጣቷም ነካችው። ከገባች በኋላ ወዲያው የጠየቀችኝ ስለ እሱ ነው።

"ይሄ መቼ ነው የተለጠፈው?"

"አንቺ በሄድሽ ማግስት" አልኳት።

ቃል በቃል ካየነው እውነት ነው። ቅዳሜ ነው የተለጠፈው። ይህን መልስ ግን ወሩን ሙሉ ሳዘጋጀው ነበር፤ መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ስለማመደው ነው የከረምኩት። እሷ ራሷን ነቀነቀችና "ዕድል ነው። ለሌላው ሰው እንኳን ጠቀመ" አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ያን ግራጫ ሹራብ አወጣች። "የእናቴ ነው። እጇ የሠራው ነው። ዕቃዋን ስንካፈል ለእኔ ይህን ስጡኝ፣ አዲስ አበባ የምሰጣት እህት አለችኝ አልኳቸው።" አልቀበልም ብዬ ታገልኩ። እሷ እምቢታዬ የአበሻ ይሉኝታ መስሏት እየሳቀች ጭኔ ላይ ጣለችልኝ።

እኔ መልበስ አልቻልኩም። ወደ ቤት ይዤው ስሄድ እናቴ አየችው፣ ለካችው፣ ልክ ሆናት። "ማን ሰጠሽ?" አለችኝ። እናቷ የታመመችባት ደንበኛዬ ናት፣ ትኬት እንድታገኝ ስለረዳኋት ነው አልኳት።

"እናቷስ ዳነች?"

"ዳነች" አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሞታለች ብል ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ የማልችል መሰለኝ።

እናቴ ጊዮርጊስ አፍንጫችን ሥር እያለ፣ ክርስትና የተነሳሁት ሥላሴ ነው ብላ በየማለዳው ሥላሴ ድረስ በእግሯ የምትወጣ ሴት ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹራቡን ከነጠላዋ ሥር ለብሳ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየቆለፈች፣ "የሰጠችሽን፣ እናቷን ያቆይላት" ትላለች። ሳትል የወጣችበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የሲስተር የሥራ ውል አልቆ ለሁልጊዜው ወደ አገሯ ልትሄድ ሆነ። ቤትሽን ሳላይ አልሄድም ብላ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤታችን መጣች። እናቴ ሹራቡን ለብሳ ነበር የጠበቀቻት። ሲስተር በሩ ላይ ስታያት ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠችና የእጅጌውን ጫፍ በቀስታ አስተካከለችላት።

እናቴ እጇን ይዛ ሳመቻትና፣ "ልጄ፣ እንኳን ዳነችልሽ። እናትሽን ያቆይልሽ" አለቻት።

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። የምገባበት አጣሁ። ስትናገር እንኳ ድምፅዋ አልተለወጠም።

"አሜን" አለች።

ልሸኛት አብሬያት ወጣሁ። ዳገቱን ወጣንና ፒያሳ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ቆምን። ነገ ትሄዳለች፤ ካሁን ሌላ ቀን እንደሌለኝ አወቅሁ። "ሲስተር" አልኳት፣ "ያን ቀን ካርድሽ ይሠራ ነበር። ደብዳቤው ቀድሞ መጥቶ ነበር፤ ሳላነብ ፈርሜበት ነበር።"

"ማክሰኞ?" አለችኝ።

"ማክሰኞ።"

በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት። "ረቡዕ እደርስ ነበር" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ታክሲ መጣና ቆመ፤ በሩን ከፈተች፣ ግን ወዲያው አልገባችም። ፊቴን ስታይ ቆየችና "አሁን ተሻለሽ?" አለችኝ። እንደ ወትሮዋ ነው ወይስ ተቆጥታ፣ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

"አልተሻለኝም" አልኳት።

ገብታ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለችኝ። "አውልቃ ታስቀምጠዋለች። ይሞቃታል፣ ትልበሰው።"

እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ክረምት ለበሰችው። በየማለዳው ከአልጋዬ እየተነሳሁ አጠገቧ እቆማለሁ። ጣቶቿ መታዘዝ ሲያቅታቸው የብረት ቁልፎቹን እኔ እቆልፍላት ጀመር። የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ስደርስ "የሰጠችሽን፣ እናቷን ያቆይላት" ትላለች፤ እኔም አሜን እላለሁ።