በብርጭቆው ማዶ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የከተማችን የመጸዳጃ ቤት ዝቃጭ በሚራገፍበት ቦታ ሲሠሩ ኖረዋል። ቦንጋ ዝናብ አያጣትም፤ ዝቃጩ ቶሎ ውሃውን ካልለቀቀ ማድረቂያው ይሞላና ቦቴው ሳያራግፍ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ዝቃጭ ቀድተው፣ ቆሻሻውን የሚያያይዘውን ኬሚካል በጠብታ እየጨመሩ ለጠቅላላው የሚበቃውን መጠን ይለያሉ።

እኔም እዚያው የተቀጠርኩ ሰሞን በጥድፊያ ሳማስል የተያያዘው ሁሉ ተበተነብኝ። «ቀስ በይ ልጄ፣ ማን አሳደደሽ?» ብለው ማማሰያውን ተቀበሉኝ። ቆሻሻው ተቋጥሮ ሲወርድና ከላይ ያለው ውሃ ሲጠራ፣ ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አንስተው በማዶ ይፈልጉኛል። ፊቴን ሲለዩ «አየሁሽ» ይላሉ፣ ድብብቆሽ እንደሚጫወት ልጅ። አንዴ ሊጎበኙ የመጡ ኃላፊን በብርጭቆው አይተው የከረባታቸውን ቀለም ነገሯቸው።

ከሠልስታቸው በኋላ ሥራ ገባሁ። ቦቴው በር ላይ ይጠብቃል። ቀስ ብዬ አማሰልኩ፤ ውሃው ጠራ። ብርጭቆውን ሳነሳ በማዶ የእሳቸው በርጩማ ብቻውን ቆሟል፤ በሽቦ ያሰሩት እግሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

«አየሁዎት፣ ጋሼ» አልኩ። ሳቄ መጣ።