ከላሊበላ አክሱም፣ አንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ

ሸረፋ የቡታጅራ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲሸኝና ሲቀበል የኖረ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው። መኪና ዘግይቶ የተሳፋሪ ዘመድ ሲጨነቅ፣ ጎማ ተንፍሶባቸው ነው፣ ምሳ ላይ ናቸው፣ አሁን ከች ይላሉ ይላል። ውሸቱን ነው። ሰው ግን ያርፍለታል።

በ1995 ክረምት መግቢያ ላይ ጉዱ የራሱን ደጅ አንኳኳ። ነርሷ ልጁን ፈቲሀን የምትሠራበት ድርጅት ከላሊበላ ወደ አክሱም አዛወራት። እሷስ በመኪና ልሂድ ብላ ነበር፤ አሻፈረኝ ያለው እሱ ነው። ገደል ከገባ አውቶቡስ በገዛ እጁ ሬሳ ያወጣ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ! በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጀው ዳገትና ቁልቁለት በአየር አንድ ሰዓት አይሞላም ሲሉት፣ በአውሮፕላን ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። አራት ሰዓት ላይ ልትነሳ፣ እንደደረሰች መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው የአስረስ መለዋወጫ ሱቅ ልትደውል ተስማሙ።

አምስት ሰዓት አለፈ። ስድስትም አለፈ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሸረፋ ለራሱ የሚሆን ውሸት ቢፈልግ አጣ። ሰማይ ላይ ጎማ አይተነፍስ፣ ምሳ ቤት የለ! የአንድ ሰዓት መንገድ ሦስት ሰዓት ከፈጀ ምን ሊባል ነው? እኔው ነኝ የገደልኳት አለ በልቡ። ሚስቱ ዘይባ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ዱዓ ታደርጋለች፤ ዓይኗን ማየት ፈራ።

በዚህ መሀል መሕቡባ የምትባል የእንሴኖ ነጋዴ መጣች። ልጇ የተሳፈረበት የሆሳዕና መኪና ዘግይቶባት ነበርና ምን ሆነው ይሆን ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አላት። ሴትዮዋ ክው አለች፤ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ታለቅስ ጀመር። ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪናው በደህና ገባ፤ ሸረፋ ልጇን አቅፋ ስትሄድ እያየ ቀናባት።

አሥር ሰዓት ላይ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ፈቲሀ ናት። አክሱም አልደረሰችም። ደመናው ምድሩን ሸፍኖት፣ አውሮፕላኑ ከላይ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ወደ ላሊበላ ተመልሷል። የከተማው ስልክ ተቋርጦ ስለዋለ ነው እስካሁን ያልደወለችው። ሸረፋ አልሐምዱሊላህ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ነገ በዚያው ሰዓት እንወስዳችኋለን ብለዋል» አለች ፈቲሀ። «አባ፣ አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ሲናጥ ሰው ሁሉ ሲጮህ ነበር። በጣም ፈርቻለሁ። ልሳፈር ወይስ በመኪና ልሂድ? አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው።»

ሸረፋ ገደሉም ታየው፣ ደመናውም ታየው። ስልኩን ወደ ጆሮው አጥብቆ ያዘው።

«እኔም ፈርቻለሁ ልጄ» አላት። «ግን ተሳፈሪ።»

ዘይባ ሁሉንም አጠገቡ ሆና ሰምታለች። ባሏ ፈራሁ ሲል በትዳር ዘመኗ ሰምታ አታውቅም። ክንዱን ይዛ በርጩማው ላይ አስቀመጠችውና፣ «ነገ እኔም ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለችው።