ተራራ ላይ የወጣው ባትሪ

የልጄ ዐመል እንደ ሌላው ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ጠላ ቤት ቢያመሽ፣ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግሮ ቢነግድ፣ ሴት ቢያበዛ፣ ተቆጥቼም ቢሆን እሸፍንለት ነበር። የሱ ግን ተራራ መውጣትና ሬዲዮ ነው። ያውም ሁለቱን አንድ ላይ።

ያኔ የምንኖረው ሸሕዲ ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለሁ። አባቱን ወባ ከገደለው ቆይቷል፤ ሌላ ልጅ የለኝም። እሱ አብደራፊ፣ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ገብቶ የትራክተር ኤሌክትሪክ ይሠራል። በበጋ መንገዱ ሲደርቅ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ይመጣል፣ ሰኞ ጧት ይመለሳል።

እርሻው ውስጥ አንድ ሽማግሌ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው ጎንደር ካለው ቢሮ ጋር መነጋገር ነው፤ ናፍጣ አለቀ፣ ጆንያ ላኩ፣ ይህንን የመሰለ። በንጉሡ ጊዜ ከፈረንጅ ጋር ሠርተዋል ይባላል። ልጄ የምሳ ሰዓቱን እሳቸው ዘንድ ነው የሚያሳልፈው። መጀመሪያ ሬዲዮ መጠገን አስተማሩት፣ ቀጥሎ በጣት እየተመታ የሚላከውን፣ ቲት ታት የሚለውን ፊደል። በዓመቱ ከተሰበሩ ሬዲዮኖች ዕቃ ለቃቅሞ የራሱን ሠራ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። ሜዳ ላይ ድምጿ እንደማይርቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ግን አገር አቋርጣ እንደምትሄድ ነገረኝ። በየአገሩ እንዲህ ሬዲዮ ተሸክመው ተራራ የሚወጡ ሰዎች አሉ፣ ይጣራሉ፣ የሰማ ይመልስላቸዋል፣ ሌላ ምንም የለውም አለኝ። ድሮ ፈቃድ ይሰጥበት ነበር፤ አሁን ቀርቷል።

"ታዲያ ምን ትባባላላችሁ?" አልኩት።

"ስም እንለዋወጣለን። ያለንበትን ቦታ እንነጋገራለን። ከዚያ ድምፅህ እንዲህ እንዲህ ሆኖ ይሰማኛል እንባባላለን።"

"ያለህበትን ትናገራለህ?"

"ጨዋታው እሱ ነው፣ እማዬ።"

በዚያ ዘመን ያለበትን የሚናገር ማን ነበር? የኛ አገር ጠረፍ ነው። አንዱ ጫካ ገባ ይባላል፣ አንዱ ሱዳን ተሻገረ ይባላል፤ እንግዳ ቤቱ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ሄዶ ያስመዘግባል። ከገላባት ማዶ ደብዳቤ መጣለት ተብሎ የተወሰደ ጎረቤት አውቃለሁ። ሚስቱ ደብዳቤው ስለ ግመል ነው እያለች ስትምል እየሰማሁ በራፌን ዘግቻለሁ። የኔ ልጅ ደግሞ ለማያውቀው ሰው፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ እዚህ ነኝ ይላል።

ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። እሺ ይለኛል፣ እሑድ ሲደርስ ይሄዳል። በመጨረሻ ራሴ ልሂድ አልኩ። አንድ ጎረምሳ ብቻውን ተራራ ሲወጣ ያስጠረጥራል፤ ከእናቱ ጋር ከሆነ እንጨት ሊለቅሙ ነው ይባላል ብዬ ነው። በሆዴ ደግሞ፣ ምን እንደሚሠራ ዐይቼ ልረፍ ብዬ ነበር። እሱ ሳቀብኝ። "ጉልበትሽ ይችላል?" አለኝ። እኔ ወገራ ተወልጄ ገደል ለገደል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የቆላ ተራራ ለኔ ጉብታ ነው አልኩት።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጣን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሣሩ ደርቆ ቁመት ያህላል፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። የእጣን ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጥለው አጥንታቸው ቀርቷል። እሱ ቆርቆሮውን በኮረጆ፣ የመዳብ ሽቦውን በትከሻው፣ ባትሪውን በጆንያ አድርጎ ደረቱ ላይ ታቅፎታል። ባትሪው አርጅቷል ተብሎ ከጋራዡ የተጣለ የትራክተር ባትሪ ነው፤ እሱ አክሞ አድኖታል። እኔ የውሃ ጀሪካን ብቻ ነው የያዝኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና፣ ሽመል የበቀለበት ገደል ስላለ ለሽቦው ማንጠልጠያ ሁለት ዘንግ ቆርጬ ልምጣ፣ አንቺ እዚህ እረፊ ብሎኝ ሄደ። ላቡ ከጆሮው ሥር ሲወርድ ዐይቻለሁ። ልጄን ላግዘው አልኩ።

እኛ አገር ሴት ልጅ ሸክም የምትሸከመው በጀርባዋ ነው። እንስራውን ወገቧ ላይ ታጋድመዋለች፣ በገመድ ከደረቷ ታስረዋለች፣ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ሌላ መሸከም አላውቅም። ባትሪውን ከነጆንያው እንደ እንስራ ጀርባዬ ላይ አጋድሜ አሰርኩና ዳገቱን ያዝኩት። ጥቂት እንደሄድኩ ጀርባዬ ረጠበ። ላብ ነው አልኩ። ቆይቶ ሲለበልበኝ ፀሐይ ነው አልኩ። ልጄ ሽመሉን ተሸክሞ ሲደርስ እኔን ዐይቶ ዘንጉን ወረወረው። ገመዱን በቢላ በጥሶ ባትሪውን አወረደና ጀሪካኑን ሙሉ ጀርባዬ ላይ አፈሰሰው። ለመጠጥ የያዝነው ውሃ እሱ ብቻ ነበር። ባትሪ ቀጥ ተደርጎ ካልተያዘ ውስጡ ያለው አሲድ ይፈሳል፣ ሳልነግርሽ፣ ሳልነግርሽ እያለ ራሱን ይረግም ነበር። እኔ ግን የነደደኝ ቀሚሴ ነው።

እንመለስ ቢለኝ እሺ አላልኩም። ያን ያህል ተቃጥዬ ሳላይ ልመለስ? ጫፉ ላይ ሁለቱን ሽመል ተከለ፣ ሽቦውን በመካከላቸው ወጠረ፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና በጣቱ ይመታ ጀመር። ይመታል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ይመታል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፤ በሩቅ እንደ ፌንጣ ያለ ነገር ይጮኻል።

"ማነው?"

"ኬንያ ያለ ሰው ነው። ሽማግሌ ነው፣ ንብ ያረባል።"

"ይህን ሁሉ ነገረህ?"

"ድምፅህ በደንብ ይሰማኛል ነው የሚለው፣ እማዬ። በደንብ።"

አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጄ እንዲያ ሲስቅ አላየሁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደ ታች ሸሕዲን ነበር የማያት። የቤቱ ቆርቆሮ፣ መንገዱ፣ ወደ መተማ የሚወርዱት መኪኖች፣ ከየማሳው የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ሁሉም ፍንትው ብሎ ይታያል። እኛ ይህን ሁሉ ካየን እኛንም የሚያየን አለ አልኩ በሆዴ።

ቀሚሱን ሳጥበው በእጄ ላይ ተበጣጠሰ። ሌላ የሥራ ቀሚስ የለኝም፤ ጠቃቅሜ ለበስኩት። መጋዘን ስገባ ሴቶቹ ተንጫጩብኝ። አንዷ፣ "ምነው እቴ፣ አይጥ ነች ከጀርባሽ ጎጆ የሠራች?" አለች፤ ሌላዋ ደግሞ አይጥ አይደለም፣ ባል አግብታ ደብቃን ነው አለች። አብሬ ሳቅሁ። ባሏ ሾፌር የሆነው ሴት ግን አልሳቀችም፤ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችና ይሄ የባትሪ አሲድ ነው፣ የባሌ ሱሪ ሁሉ እንዲህ ነው አለች። ባትሪ ከወዴት አገኘሽ አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ያኔ አንድ ነገር ብመልስ ኖሮ ወሬው እዚያው ይሞት ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን ጀርባዬ ላይ ሳብኩ፤ ሁሉም ወንፊቱን አቁሞ አየኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩን አውቃቸዋለሁ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ "እናቴ ይቀመጡ" አሉኝ። ከጎናቸው ግን ያገራችን ሰው ያልሆነ፣ ብዕር የያዘ ሰውዬ ነበር። ሰሊጥ አጫጆች ተራራው ላይ ሽቦ አይተዋል አለ። ባትሪውስ የምንድነው አለኝ።

ምን እንዳሰብኩ ልናገር። ሰላይ ከተባለ ይሞታል። ሌባ ከተባለ ግን ጥቂት ወር ታስሮ ይወጣል፤ ማሽላ ሰርቀው ታስረው የተመለሱ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌባ አደረግሁት። ባትሪውን ከእርሻው ሰርቆ ነው፣ እስኪሸጥ ተራራ ላይ ልንደብቀው ወጣን፣ ሽቦውም የስርቆት ነው አልኩ። ሰውዬው ጽፎ አነበበልኝና ፈርሚ አለኝ። ሌሎች ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነው የሚፈርሙት፤ እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርኩ ስሜን ጻፍኩ። ወረቀቱን ካጠፈ በኋላ ነው፣ የመንግሥት ንብረት መስረቅ የኢኮኖሚ አሻጥር እንደሚባልና ከሰላይ ብዙ እንደማይርቅ የነገረኝ።

ልጄን ከአብደራፊ አመጡት። የጋራዡ ኃላፊ ደግ ሰው ነው፤ ባትሪው የተጣለ ነው ብሎ በጽሑፍ መሰከረለት። ያ ነው የባሰው። ካልተሰረቀ እናትዬዋ ለምን ዋሸች? ቤቱ ተፈተሸ፣ ቆርቆሮው ወጣ። ልጄ ምንም ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራቸው።

ወደ ጎንደር ሊወስዱት ሲሉ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አገናኙኝ። እጁ ታስሯል።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"ሌባ ብትባል ይሻልሃል ብዬ።"

መሬት መሬት እያየ፣ "ጀርባሽ ዳነ?" አለኝ።

ድኗል አልኩት። አልዳነም ነበር፣ ያን ቀን እንኳ ልብሱ ይጣበቅብኝ ነበር።

ጎንደር ላይ አንድ መኮንን ሬዲዮ ፊት አስቀምጦ ፈተነው አሉ። ይህን የመሰለ እጅ እስር ቤት አይበሰብስም ብሎ ለጦሩ ወሰደው። ሰሜን ተላከ። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከሞት ተረፈልሽ አለኝ። መጀመሪያ የጻፈልኝ ደብዳቤ ላይ፣ አሁን ተራራ የምወጣው በደመወዝ ነው፣ የተሰጠኝ ሬዲዮ ከኔዋ በብዙ ይበልጣል ይላል። ሁለተኛው አጭር ነው። ያለሁበትን ቦታ መጻፍ አይፈቀድም፣ ደህና ነኝ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ምንም የለም።

ዓመቱ ሲሞላ አብደራፊ ሄድኩ፣ ሽማግሌው ዘንድ። ከልጄ ወዲህ ሌላ ማንን እንዳስተማሩ አልጠየቅኋቸውም፤ ፊታቸው ከስቷል። ከጎንደር ጋር የሚነጋገሩበት ሰዓት ነበርና ስለ ጆንያ ተናግረው እስኪጨርሱ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ይህ ሬዲዮ ቢሯችን ድረስ ብቻ ነው፣ እናቴ። ስለ ወታደር በዚህ ብጠይቅ ማታውን እኔን ይጠይቁኛል።"

"በሌላው መንገድስ? እሱ እንደሚያደርገው? ተራራ ላይ ሆኖ ሲመታ ቢሰሙት እጁን ያውቁታል።"

"እጁን አውቀዋለሁ። ግን ወታደሮቹ ስም አይጠሩም፣ ቦታ አይናገሩም። ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩም ይቀየራል።"

ያም ሆኖ በሩን ገርበብ አድርገው፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንድ ጆሮ ለኔ ሰጥተው፣ ሌላውን እሳቸው ይዘው፣ መዘወሪያውን ቀስ እያሉ ያዞሩ ጀመር። እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ነው። አንዳንዴ ፌንጣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፊታቸውን አያለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አይደለም ማለታቸው ነው። ውጭ የሰው ኮቴ ስንሰማ ሬዲዮውን ዘጉት።

"በሚቀጥለው ወር ይምጡ፣ እንሞክራለን" አሉኝ።

የሚሞከር ነገር እንደሌለ አሁን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። እሳቸውም መስማቴን ያውቃሉ። እሺ አባቴ አልኳቸው፣ ወደ ሸሕዲ የሚሄድ የሰሊጥ መኪና ሊነሣ ሲል ጆንያው ላይ ወጣሁ። በሚቀጥለው ወር አልሄድኩም።