ያለ ድምፅ ያስተማርኩት አሲድና ቤዝ

ድምፄ ትልቅ ነበር። ለመኩራራት አይደለም፤ ኮቦ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ለሰባተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው የሒሳብ መምህር «ተማሪዎቼ የእኔን ትተው ያንቺን ፈተና ቢፈተኑ ይሻላቸዋል» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ባለቤቴማ ዋጃ ድረስ ያለ ሰው በእኔ ድምፅ የአቶምን ክፍሎች በቃሉ ይዟል ይላል። ታዲያ ምን ላድርግ? አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ መስኮት አያስዘጋም። በመስኮቱ ደግሞ የአውራ ጎዳናው የመኪና ጥሩምባ፣ የግመል ነጂው ፉጨት፣ የወፍጮ ቤቱ ጩኸት ሁሉ ይገባል። በዚያ መሃል ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ግጥም ይጻፍ እንጂ አያስተምር፣ እል ነበር።

ከዚያ ድምፄ ጠፋ። መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስም ልጠራ አፌን ብከፍት የወጣው አየር ብቻ ሆነ። ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመሣሪያ አየና የድምፅ አውታርሽ ላይ እባጭ አለ፣ ካረፍሽ ይጠፋል፣ ካላረፍሽ ግን ድምፅሽን ትሰናበቺዋለሽ አለኝ። ማረፍ ማለት ጭራሽ አለመናገር ነው፤ ሹክሹክታ እንኳን ክልክል። እስከ መቼ ብዬ በእጄ ጠየቅሁት። «ክረምት እስኪገባ» አለ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። አነበበና «ሌላ ሥራ ይስጡሽ» አለኝ፤ ሌላ ሥራ ከደጅ የሚታፈስ ይመስል።

ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ነውና ሌላ ሥራ አላጣልኝም። ንብረት ክፍል ተቀመጪ፣ መጥረጊያውን፣ ኳሱን፣ የጠመኔውን ካርቶን እየጠበቅሽ ታርፊያለሽ አለኝ። አዝኖልኝ ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ማልቀስ ያለ ድምፅ ሲሆን እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጆቹን እወዳቸው ነበር፤ እነሱን ትቼ ከመጥረጊያ ጋር እንዴት እውላለሁ?

ያን ጊዜ ኢንተርኔት ገና ብርቅ ነው። ትምህርት ቤታችን ግን ጥቂት ኮምፒዩተሮች፣ አንድ ፕሮጀክተርና ጣት የምታክል የኢንተርኔት መሰኪያ ያሉት ክፍል ከፍቶ ነበር። ኔትወርኩ ጠዋት ላይ ይመጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ እሱም እንደ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ የኬሚስትሪ ገጽ አግኝቼ ወድጄው ነበር። ገጹ ላይ ጠርሙሱን በኮምፒዩተሩ ማውስ ጎትተህ ብርጭቆ ውስጥ ትገለብጠዋለህ፤ ቀለሙ ይለወጣል፤ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ልክ ከመለስክ ደወል ይደወላል። ከተሳሳትክ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ሳትመልስ ማለፍ የለም። አስተማሪ ሳይናገር የሚሄድ ትምህርት ማለት ይኸው ነው አልኩና ለርዕሰ መምህሩ ጽፌ ሰጠሁት።

አነበበ፣ ራሱን አከከ። «እሺ፣ ሞክሪው። ግን የወረዳው ሱፐርቫይዘር መጥቶ ማየት አለበት። ይህ ማስተማር ነው ካለ ታስተምሪያለሽ። አይደለም ካለ ንብረት ክፍል ትገቢያለሽ፤ ያኔ እንዳትጣይኝ» አለኝ። እንዴት ብዬ ነው የምጣላው? አፌ ተዘግቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቂኝ ነበሩ። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት አልችልም። ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለት ቃል በአማርኛ እጽፋለሁ፣ በዱላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እጠቁማለሁ፣ ቀሪውን እነሱ ተጨቃጭቀው ይጨርሱታል። የኮምፒዩተሩ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ስለነበር ደወሉ አይሰማም። ይህ ያልተዋጠላት አንዲት የጎብዬ ልጅ፣ ከአክስቷ ጋር ኮቦ እየኖረች የምትማር፣ ሰው ልክ በመለሰ ቁጥር ራሷ «ቲንግ» ማለት ጀመረች። ሌሎቹ ደግሞ ሰው ሲሳሳት እንደ ብርጭቆው ዴስካቸውን ይዘው ያንቀጠቅጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔም ዝም አልኳቸው፤ ምርጫ የነበረኝ ይመስል።

በአገራችን የታመመ ሰው መልስ በመስጠት አይደክምም። ጠያቂው ይገባል፣ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይመልሳል። ልጆቹ ይህን ከቤታቸው ያዩትን ክፍል ድረስ ይዘውት መጡ። ስገባ ሁሉም ይነሱና «ቲቸር፣ አፊያ ነዎት?» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ እርስ በርሳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ተሽሏቸዋል» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፊታቸውም ፈካ ብሏል» እያሉ ይመልሱልኛል። በመጨረሻም «አብሽሩ ቲቸር» ብለው ይቀመጣሉ። አንጀቴን ይበሉታል።

አሲድና ቤዝ ላይ ስንደርስ ገጹ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሉ፣ ውሃው በአሲድና በቤዝ ቀለሙን ይለውጣል አለ። ቀይ ጥቅል ጎመን ኮቦ ገበያ ላይ ዓይቼ አላውቅም። ሽንኩርት ግን ሞልቷል፤ በመስኖ የሚያለሙት በጋሪ ጭነው ያመጡታል፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭም ተቀቅሎ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ልጣጩን እኔ ቀቅዬ ላምጣ ብዬ ሰሌዳው ላይ ለልጆቹ «ነገ ሎሚ፣ አመድና ሳሙና አምጡ» ብዬ ጻፍኩ።

ያሰብኩት ጥቂት ሎሚና አንድ እፍኝ አመድ ነው። ልጆቹ ግን ቤታቸው ገብተው «ቲቸር ሎሚ አምጡ ብለዋል» ሲሉ እናቶች ሌላ ነገር ሰሙ። የታመመች ሴት ሎሚ አማራት ማለት ነው። ኮቦ ውስጥ በሽተኛ አማረኝ ያለውን ነገር የሚነፍግ ሰው አልተፈጠረም፤ ያማረውን ብቻ ልኮ የሚቀርም የለም። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ጠርሙስና ፌስታል ተሸክመው ሲገቡ ጠረጴዛዬ ጠፋ። ሎሚ በቅርጫት። በውሃ ተበጥብጦ የተጠለለ አመድ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም። አባቱ ከአፋር ነጋዴዎች ጋር የሚሠራ ልጅ በትልቅ ጆግ የግመል ወተትና አንድ ቁራጭ የአፋር ጨው አምጥቷል። የአንዷ አያት ማር ልከዋል። እያንዳንዱ በሁለት እጁ እያቀረበ «ጀባ፣ ቲቸር» ይለኛል፤ የቤቱንም ትእዛዝ ያደርሳል። «እናቴ በባዶ ሆድ ይጠጡት ብላለች።» «አያቴ ቀኝ ጎናቸው ላይ ይተኙ ብላለች።» ሳሙና ያመጣ ግን አንድም ሰው የለም፤ ለታመመ ሰው ሳሙና ምን ይሠራለታል?

አንዱ ጠበል፣ አንዷ ደግሞ ሐጅ የሄዱ ዘመዳቸው ያመጡትን ዘምዘም በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጥተው ነበር። እነዚህን ከሌላው ጋር ላስቀምጥ ስል ሁለቱም ልጆች እኩል እጄን ያዙኝ። «እነዚህ አይመረመሩም» አሉኝ። መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አኖርናቸው፤ ማታ ቤቴ ወስጄ ሁለቱንም ጠጣሁ።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣው በዚያው ጠዋት ነው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ጠረጴዛውን አየ። መድኃኒት አዋቂ ቤት የገባ ሳይመስለው አልቀረም። ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡት፣ የእኔንም ጤንነት ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ገጹ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች፤ ትዞራለች። መሰኪያውን ነቅዬ ሰካሁ። ክቧ ትዞራለች። ከዚያ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ቀረ። ያለ ድምፅ፣ ያለ ኔትወርክ፣ በፌጦና በጤና አዳም ፊት ቆሜያለሁ።

የጎብዬዋ ልጅ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች። «ገጹ ቢጠፋ ምን አለ፣ እኛ እንሠራዋለን» አለች። የሽንኩርቱን ውሃ በየብርጭቆው ቀዳሁላቸው። አንዱ ሎሚ ጨመቀ፤ ውሃው ደማቅ ሮዝ ሆነ። «አሲድ ነው ቤዝ?» ብሎ ወደ ክፍሉ ዞረ፣ ልክ እንደ ገጹ። «አሲድ!» አሉ። «ቲንግ» አለች። የአፋር ጨው ተሟሟ፤ ምንም አልተለወጠም። አንዱ ቤዝ ነው ሲል ዴስኩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሌላዋ ሁለቱም አይደለም አለች፣ «ቲንግ»። የአመዱ ውሃ ተራ ሲደርስ የግመል ወተቱ ልጅ ብርጭቆውን ይዞ በቀጥታ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ ሳይመልሱ አይታለፍም» አለው። ሱፐርቫይዘሩ የተማረው ታሪክ ነው እንጂ ኬሚስትሪ አይደለም። አመድ እጅ ይበላል ብሎ አሰበና «አሲድ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ዴስኩን ይዞ አንቀጠቀጠው፤ የግድግዳው ማዶ ሒሳብ ሳይቋረጥ አልቀረም። ጠብ ያለው የአመድ ውሃ ብርጭቆውን አረንጓዴ ሲያደርገው ሰውየው እንባው እስኪወጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በአፍንጫዬ።

ሥራ ተሠራ ብዬ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ እንባውን ጠረገና ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። «በጣም ጥሩ ይዘውታል። ገጹ አለ፣ ልጆቹም ራሳቸው ይችላሉ። መምህርቷን ማድከም አያስፈልግም፤ ይረፉ፣ ይታከሙ።» በደግ ፊት ነው ያለው፤ እሱም አዝኖልኝ ነው። በዚያ ቀን ለእኔ ያላዘነ ሰው አልነበረም። ልጆቹ ስላወቁ እኔ ልወጣ ነው። ለሁለቱም የምላቸው ነገር አፌ ላይ ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው ድምፁ ነው።

«ጋሼ» አለች የጎብዬዋ ልጅ። «እኔ ቲንግ የምለው ከራሴ አይደለም። ቲቸርን አይቼ ነው።»

«ምናቸውን አይተሽ?»

«ልክ ከሆነ ቅንድባቸው ከፍ ይላል። ስህተት ከሆነ ከንፈራቸውን ነከስ ያደርጋሉ። እንዲሁ ገምተን ከሆነ ደግሞ ጠመኔውን ያሽከረክራሉ፤ ያኔ እንደገና እናስባለን።»

ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሰው ፊቱ ምን እንደሚሠራ በምን ያውቃል? ሱፐርቫይዘሩ ትንሽ አሰበና «እስቲ መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ» አለኝ። ዞርኩ።

ከጀርባዬ ማሩን ሲጨምሩ ሰማሁ። ማር ጥቁር ነው፤ የሽንኩርቱ ውሃ ላይ ሲገባ ቀለሙ ሮዝ ይሁን ቡናማ በቅጡ አይለይም። «አሲድ ነው» አለ አንዱ። «ማር እየጣፈጠ እንዴት አሲድ ይሆናል?» አለች ሌላዋ። «ቀለሙን እይ እንጂ!» «ቀለሙማ የራሱ የማሩ ነው።» ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ያን ክፍል ዝም አስብሎ ለማስተማር ስንት ዓመት ጮኼበታለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ማንም ሳይናገራቸው ዝም አሉ። ቲንግ የሚል የለም። ዴስክ የሚያንቀጠቅጥ የለም። ሁሉም የእኔን ጀርባ እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ኖራ ብዥ አለብኝ።

«በቃ፣ ይዙሩ» አለ ሱፐርቫይዘሩ፤ ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። ለርዕሰ መምህሩም ዝቅ ብሎ «መምህርቷ ይቆዩ፣ እዚሁ ይቆዩ» ሲለው ሰማሁ። እኔ ግን መዞር አቃተኝ። በእንባ የራሰ ፊት ይዞ ወደ ተማሪ እንዴት ይዞራል?

የጎብዬዋ ልጅ መዞሬን መጠበቅ ሰልችቷት በግድግዳውና በእኔ መሃል ገባችና ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ግራ ገብቷት ወደ ክፍሉ ጮኸች።

«እያለቀሱ ነው!»

«ታዲያ ልክ ነው ስህተት?» አሏት ከኋላ።

እሷም አታውቀውም፤ እንዲህ ሆኜ አይታኝ አታውቅም። ፊቴን ስትመረምር ቆየችና «ቲቸር፣ የቱ ነው?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ዞርኩላቸው። ልክ ነው አልኳቸው ራሴን እየነቀነቅሁ፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ማሩ አሲድ ነው።