አያቴ ከኋላው ይቆሙ ነበር

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያቴ ሽጉጥ አያያዝ ያስተማሩት የአጎቴን ልጅ እንጂ እኔን አልነበረም። ጅጋ ከተማ በቤታችን ጓሮ ከኋላው ይቆሙና እጆቹን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ትንሽ ሽጉጥ ቀላል ስለሆነች ርግጫዋ ይብሳል። እጀታዋን ከላይ ጠጋ አድርገህ በሁለት እጅህ ጨብጣት፤ የእጅህን አንጓ አታላላ» ይሉታል። እኔ ዳር ቆሜ በቅናት አያለሁ።

«እኔስ አባባ?» ስላቸው፣

«ላንቺ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል።

በቀብራቸው ዕለት እንደ አገሩ ወግ ሊተኮስ ሲል፣ የአጎቴ ልጅ ከለቅሶው ብዛት መተኮስ አቃተው። ሽጉጧን ተቀበልኩትና እሳቸው እንዳሉት ጨብጬ ወደ ሰማይ ተኮስኩ። አፈሙዟ እምብዛም አልዘለለም።

«ማን አስተማራት?» አሉ ለቀስተኞቹ።

ዘወር አልኩ። እሱ ሲለማመድ ከኋላው እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ስተኩስ ከኋላዬ ማንም የለም። ዛሬም እቀናበታለሁ።