የባል አሻራ

ሰፈሩ «መቀሷ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። ያኔ ግን ምላሷ አላዳናትም። የመጀመሪያ ባሏ፣ ያ እጁ ብረት የለመደ በያጅ፣ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች ሆዷን በእርግጫ ብሎ ልጇን ገደለባት። ደሟ ሳይደርቅ ሆስፒታል ሄዳ የማህፀን ቱቦዋን አስቋጠረች።

«ከእንግዲህ የሚረግጠው ልጅ አያገኝም» አለች።

የሆስፒታሉ የፈቃድ ቅጽ የባል አሻራ ሲጠይቃት የራሷን አውራ ጣት አሳርፋ ሰጠች። ከዚያ ጨርቄን ማቄን ሳትል ከቤቱ ወጣች።

ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን የምትኖረው ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጋር ነው፤ እጁ በጥላሸት የጠቆረ፣ አንደበቱ ለስላሳ። ከእሱ ልጅ አማራት። ሐኪሙ መርምሯት፣ «ቱቦሽ ተቆርጦ ነው የታሰረው። የተረፈው ርዝመት ግን ይበቃል፤ መልሼ እቀጥለዋለሁ» አላት።

«ክሩ ብቻ ቀጭን ይሁን» አለችው። ሙያዋ ነዋ!

ችግሩ የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ነበር። ፍቺው በወግ ስላልጸደቀ በወረቀት ባሏ ያው በያጁ ነው፤ ያለ እሱ አሻራ ቀዶ ጥገና የለም። እንደ ድሮው ማጭበርበር ትችል ነበር። ግን ልጄን በውሸት አልጀምርም አለች፣ ሞኟ፤ ቅጹን ይዛ ወርክሾፑ ድረስ ሄደች።

በያጁ አነበበው።

«ለካ ዘግተሽብኝ ኖሯል! አሁን ለሌላ ልትከፍቺው?»

በቡጢ ከንፈሯን ተረተረው። ጸጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከብረት ጠረጴዛው ጋር አላተመው። ወለሉ ላይ ስትወድቅ በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ሆዷን ሊረግጥ እግሩን አነሳ። ያቺ የድሮዋ መስላው ነበር። ከቦርሳዋ መቀስ መዝዛ ተነሳችና የተደገፈበትን መዳፍ ወጋችው። እንደ በሬ ሲያጓራ፣ በደም የራሰ አውራ ጣቱን ይዛ ቅጹ ላይ ተጫነችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላው ወጣች።

መዝገብ ያዡ የቀድሞውን ፋይል አወጣ፤ አጉሊ መነጽር ደቅኖ ሁለቱን አሻራዎች አስተያየ።

«አይመሳሰልም እህቴ። ባልሽ ይሄ አይደለም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ የተሰነጠቀው ከንፈሯ እንደገና እስኪደማ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሌላ ቅጽ ስጠኝ።»

አውራ ጣቷን በከንፈሯ ላይ አሸችና እዚያው ፊቱ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ሰውየው ያበጠ ፊቷን አየ፤ ቀዩን ጣቷን አየ። መነጽሩን ደቅኖ አሻራውን ከፋይሉ ጋር አመሳከረ።

«ልክ ነው» አለና ማህተሙን መታ። «ባልሽ ፈቅዷል።»