ጎልፍ ሳላውቅ የጸለይኩለት ስፔናዊ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሂሊያርድ ካለ አንድ ሆቴል በር ላይ መኪናዬን አቁሜ በአፑ የጠራኝን ተሳፋሪ ስጠብቅ... እኔን የሚያክል ቦርሳ የተሸከመ ሰው ብቅ አለ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ትራንኬ አልበቃው አለ። ቦርሳውን የኋላ ወንበር ላይ አጋደምነውና እሱ ከፊት አጠገቤ ተቀመጠ።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ዝም ብዬ መንዳት አልችልም። ከየት ነህ፣ ምን ትሠራለህ አልኩት። ስፔናዊ ነው፤ ሥራው ጎልፍ መጫወት። አባቱ የጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ ስለነበር ዱላ የጨበጠው በአምስት ዓመቱ ነው። አድጎ አንድ ትልቅ ውድድር አሸነፈ፣ ስሙ ተነሣ... ከዚያ የእጁ አንጓ ተጎዳና ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሩ ሁሉ ቁልቁል ሆነበት። ዛሬ የሚጫወተው ማጣሪያ ነው። ካለፈ፣ ሐሙስ ዕለት ከትልልቆቹ ጋር ይጫወታል። ካላለፈ ግን ጎልፉን ትቶ አገሩ ሊገባ ለሚስቱ ቃል ገብቷል።

ይህን ሲያወራ ጉልበቱ አንዴም አላረፈም። መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል።

«ለማለፍ ስንት ያስፈልግሃል?» አልኩት።

«ስልሳ ስድስት።»

አንጀቴን በላው። ሜዳው ፓርኪንግ ስንደርስ ልጸልይልህ ወይ አልኩት፤ እሺ አለ። እጄን ትከሻው ላይ ጭኜ በአማርኛ ለቀቅሁት። ጌታ ሆይ፣ ስልሳ ስድስት ላንተ ምን አላት፣ ሰማንያ አድርግለት፣ ዘጠና አድርግለት፣ አብዛለት፣ አትረፍርፍለት... እሱም አንድ ቃል ሳይገባው በየመሃሉ «አሜን» ይላል። ጉልበቱ ጸጥ አለ። ስትጨርስ እኔው እወስድሃለሁ ብዬ ቁጥሬን ሰጠሁት።

ደስ ብሎኝ ለልጄ ለቤቲ ኮል አደረግሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሳቋን ለቀቀችው። ለካ ጎልፍ ላይ የሚያሸንፈው ኳሷን በትንሽ ምት ጉድጓድ የከተተ ነው! ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሰውየው አለቀለት...

ብሮድ ስትሪት ላይ መኪናዬን ጥግ አስያዝኩና አፑን ዘጋሁ። በዚህ ልቤ ማንን ልጫን? የሰው እንጀራ በገዛ አፌ... የጸሎት ቡድናችን መሪ ለሆኑት ለእትዬ አስካለ ደውዬ ተናዘዝኩ። አልሳቁም።

«አንቺ፣ እግዚአብሔር ጎልፍ የማያውቅ መሰለሽ?» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እሳቸው እንዲህ ቢሉም እኔ መቀመጫ አጣሁ። ሂልቶፕ ሰፈር ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ታንኬ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቤንዚን ልቀዳ ቆምኩ። ሰዓቱ ሳይደርስ ፓርኪንጉ ጋ ሄጄ እየወጣሁ እየገባሁ «ቀንስለት፣ ቀንስለት» ስል ዋልኩ።

መጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ቦርሳውን አጋደመ፣ ቀበቶውን አሰረ...

«ስልሳ አምስት» አለ። «አልፌያለሁ።»

የመኪናዬን መሪ አቅፌ አለቀስኩ። ጠዋት ምን ብለሽ ነው የጸለይሽልኝ ሲለኝ መደበቅ አልሆነልኝም፤ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ነጣ። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ለሐሙስም ጸልዪልኝ» አለኝ ሲወርድ፣ «ቁጥር ግን እንዳትጠሪ።»

ቡድናችን ለሁሉም ሰው «ጨምርለት፣ አብዛለት» ነው የሚለው... «ቀንስለት» ተብሎ የሚጸለይለት ሰው እስካሁን ያለን እሱ ብቻ ነው።